ወደ አዲስ አበባ ከነልጆቻችሁ ስትገቡ፦ ገርጂ፣ ሰሚትና አያት፣ ጀሞና ለቡ፣ ኮዬ ፈጬ ወይስ ለገጣፎ?

ሰኔ ሲገባ የዝውውር ደብዳቤ የደረሳቸው ዘመዶችና ወዳጆች መደወል ይጀምራሉ፤ ከሐዋሳ፣ ከባሕር ዳር፣ ከጅማ፣ ከድሬዳዋ። ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ «አዲስ አበባ የት ሰፈር ቤት ብንይዝ ለልጆች ይሻላል?» ብዙ ጊዜ የሚያገኙት መልስ መላሹ ራሱ የሚኖርበትን ሰፈር ነው። የጀሞ ሰው ጀሞን ይመክራል፣ የሰሚት ሰው ሰሚትን። ደላላ ደግሞ እጁ ላይ ያለውን ቤት ያሞግሳል። ማንም «ሥራችሁ የት ነው? ልጆቹ ስንተኛ ክፍል ናቸው?» ብሎ አይጠይቅም።

ይህ ንጽጽር ከአፀደ ሕፃናት እስከ 8ኛ ክፍል ያሉ ልጆች ላሏቸውና ቤት ለመከራየት ለሚያስቡ ቤተሰቦች ነው። ለመግዛት ያሰበም ቢሆን መጀመሪያ ተከራይቶ ክረምቱንም በጋውንም ቢያሳልፍበት ይሻለዋል። የኪራይ ዋጋ በቁጥር አላስቀመጥኩም። በአንድ ሳይት ውስጥ እንኳን እንደ ወለሉ፣ እንደ ፊኒሺንጉና እንደ መንገዱ ቅርበት ይለያያል፣ ቶሎም ይለወጣል። ሰፈሮቹን ግን እርስ በርስ ማወዳደር ይቻላል።

መጀመሪያ መስፈርቶቹ

አንደኛና ትልቁ የልጁ መንገድ ነው። አዋቂ ሰው የታክሲ ሰልፍ ይችላል፤ የስድስት ዓመት ልጅ ግን አይችልም። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ተቀስቅሶ እንቅልፉን ሰርቪስ ውስጥ የሚጨርስ ከሆነ፣ ቤቱ የቱንም ያህል ቢያምር ሰፈሩ ለቤተሰብ አልሆነም ማለት ነው። «ሰርቪስ አለን» የሚለው የትምህርት ቤቶች መልስም አይበቃም። መኪናው መጀመሪያ የሚያነሳው ልጅ ሙሉውን ዙር አብሮ ይዞራል። ስለዚህ ጥያቄው «የእኛን ልጅ ስንት ሰዓት ላይ ነው የምታነሱት? ማታስ ስንት ሰዓት ላይ ይደርሳል?» መሆን አለበት። በእግር የሚያስኬድ ትምህርት ቤት ከተገኘ ደግሞ አንድ ቀን ጠዋት መንገዱን በልጁ እርምጃ ሂዱበት። አስፋልት ያቋርጣል ወይ? ክዳን የሌለው የፍሳሽ ጉድጓድ አለበት ወይ? ክረምት ላይ ጭቃው እስከ የት ይደርሳል?

ሁለተኛው ውሃ ነው። በአዲስ አበባ ብዙ ሰፈሮች ውሃ በፈረቃ ነው የሚደርሰው። ፈረቃው ከሰፈር ሰፈር፣ በኮንዶሚኒየም ደግሞ ከወለል ወለል ይለያያል፤ ግፊቱ ሲደክም ሦስተኛና አራተኛ ፎቅ ላይ ሌሊት ብቻ ይመጣል። አከራዩን አትጠይቁ፣ ደረጃውን ውጡና ተመልከቱ። በየበሩ ቢጫ ጄሪካን ተደርድሮ ካያችሁ መልሱን አግኝታችኋል። ሮቶ አለ ወይ? የግል ነው የጋራ? ፓምፕ ካለ የመብራቱን ሂሳብ ማን ይከፍላል? የብሎኩ ጥበቃ ይህን ሁሉ ያውቃል፣ ደስ ብሎትም ይነግራችኋል። ከውሃው የተነሳ ምድር ላይ ያለውን ቤት የሚመርጡም አሉ፤ የፍሳሽ መስመር ሲዘጋ ግን መጀመሪያ የሚጥለቀለቀው እሱ ነው።

ሦስተኛው የወላጆች መጓጓዣ ነው። ሁለቱም የሚሠሩ ከሆነ ከሁለት አንዱ እንኳን ለትምህርት ቤቱ ቅርብ መሆን አለበት፤ ልጅ ሲታመም ማን እንደሚደርስ አስቡት። የመንግሥት ሠራተኛ ከሆናችሁ የፐብሊክ ሰርቪስ አውቶቡስ የት የት እንደሚሄድ ጠይቁ። በነፃ ስለሚያመላልስ በወር ወጪ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ቀላል አይደለም።

ከዚያ ጤና ተቋም ይከተላል፣ በተለይ ሕፃን ላለበት ቤት። ቀጥሎ መጫወቻ ቦታና ጸጥታ ነው። በኮንዶሚኒየም ሳይት ውስጥ በብሎኮች መካከል ያለው ክፍት ቦታ ለልጆች ተብሎ ቢተውም፣ ብዙ ቦታ የመኪና ማቆሚያ ሆኗል። ምድር ላይ ያሉት የንግድ ቤቶች ምን እንደሆኑም እዩ። ዳቦ ቤትና ፋርማሲ ከሆኑ እሰየው፤ ግሮሰሪ ከሆነ ከላዩ ያለው ቤት ውስጥ ልጅ ማስተኛት ይከብዳል። ይህን ለማወቅ ቅዳሜ ማታ መሄድ ያስፈልጋል፤ ደላላ ቤት የሚያሳየው በቀን ነው።

የመጨረሻው ብዙ ሰው የሚዘነጋው የአስተዳደር ወሰን ነው። ከከተማዋ ዳር ያሉ አንዳንድ ሰፈሮች በአዲስ አበባ ሥር ሳይሆኑ በ2015 ዓ.ም በተቋቋመው የኦሮሚያ ሸገር ከተማ ሥር ናቸው። ይህ የነዋሪነት መታወቂያን፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት የማስተማሪያ ቋንቋንና ልጁ የሚወስደውን ክልላዊ ፈተና ይወስናል። አንድ መንገድ ሲሻገሩ ወሰኑ የሚለወጥባቸው ቦታዎች ስላሉ፣ ቤቱ በየትኛው ወረዳ እንደሆነ በስም ጠይቁ።

ገርጂ፦ ለሥራ የቀረበ፣ ለኪስ የከበደ

ከአምስቱ አማራጮች ለመሐል ከተማ የሚቀርበው ገርጂ ነው። የኮንዶሚኒየም ግንባታ ሲጀመር ቀድመው ከተሠሩት ሳይቶች አንዱ እዚህ ስለሆነ ሰፈሩ በስሏል። ዛፉ አድጓል፣ ሱቁ ሞልቷል፣ ዕድሩ ተደራጅቷል። ወደ ቦሌም ወደ መገናኛም ቅርብ ነው። ኮሪያ ሆስፒታል እዚያው ነው፤ የግል ሆስፒታል ስለሆነ ክፍያውን ማሰብ ያስፈልጋል፣ ግን ሌሊት ልጅ ሲታመም ርቀቱ አያስጨንቅም።

ችግሩ ኪራዩ ነው። በሌላ ሰፈር ባለ ሦስት መኝታ የሚያስገኝ ገንዘብ እዚህ ባለ አንድ ወይም ባለ ሁለት ነው የሚሰጠው። የግል ትምህርት ቤቶቹም በክፍያ ከፍ ያሉ ናቸው። ስለዚህ ገርጂን የምመክረው አንድ ወይም ሁለት ልጅ ላለውና ሥራው ቦሌ ወይም መገናኛ አካባቢ ለሆነ ቤተሰብ ነው። ጠባብ ቤት ሆኖ ከልጆች ጋር በየቀኑ እራት መብላት የሚቻልበት ሰፈር ነው፤ እኔ ይህን ከሰፊ ሳሎን አስበልጬ አየዋለሁ።

ሲኤምሲ፣ ሰሚትና አያት፦ ሁሉም የሚጠራው ምሥራቅ

በአሁኑ የለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ያለው ይህ አካባቢ በቤተሰቦች ዘንድ ስሙ የሚነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። ከአፀደ ሕፃናት እስከ ሁለተኛ ደረጃ ብዙ የግል ትምህርት ቤቶች አሉት። የቤቱ ዓይነትም የተለያየ ነው፦ የሪል እስቴት ቪላ፣ የማኅበር ቤት፣ 40/60 ሊፍት ያለው ሕንፃ፣ 20/80 ኮንዶሚኒየም (ሁለቱም ነዋሪው ቆጥቦ የሚያገኛቸው በመንግሥት የተሠሩ ቤቶች ናቸው)። አቅም ሲያንስ ሰፈር ሳይቀይሩ ቤት መቀየር ይቻላል። ልጆች ትምህርት ቤታቸውን ይዘው መቆየታቸው ትልቅ ጥቅም ነው።

ባቡሩም እዚህ ይጀምራል። በመስከረም 2008 ዓ.ም ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ምሥራቅ–ምዕራብ መስመሩ ከአያት ተነስቶ በሲኤምሲ፣ በመገናኛ፣ በሃያ ሁለት፣ በስታዲየምና በሜክሲኮ አድርጎ ጦር ኃይሎች ይደርሳል። ሥራው ሜክሲኮ ወይም ሰንጋ ተራ ለሆነ ሰው መስመሩ ቀጥታ ነው። የሚሠሩት ባቡሮች ቁጥር ከመጀመሪያው ስላነሰ ግን ጥበቃው ረጅም፣ መጨናነቁም ከባድ ነው። ባቡሩን እንደ አማራጭ ያዙት እንጂ ብቸኛ መንገዳችሁ አታድርጉት።

እዚህ ጋ አንድ ነገር አስረግጬ ልናገር። «ሰሚት» እና «አያት» የሚባለው ስም እጅግ ሰፊ ቦታ ይሸፍናል። ደላላ «አያት ነው፣ ባቡሩ አጠገብ» ብሎ ከባቡሩ በባጃጅ የሚኬድ ቤት ሊያሳያችሁ ይችላል። በካርታ ሳይሆን በእግር ለኩት። በዝናብ ቀን፣ አንድ እጃችሁ ላይ ሕፃን በሌላው አስቤዛ ይዛችሁ የምትሄዱበት ርቀት ነው ትክክለኛው ርቀት። ውስጥ ለውስጥ ያሉት መንገዶችም እኩል አይደሉም፤ ዋናው የመገናኛ–ሲኤምሲ መንገድ በኮሪደር ልማት ሰፋፊ የእግረኛ መንገድ ሲያገኝ፣ ከኋላው ያሉ አንዳንድ ቅያሶች አሁንም ኮረኮንች ናቸው።

ለሕክምና በመንግሥት በኩል ኮተቤ ያለው የካ ኮተቤ አጠቃላይ ሆስፒታል ይቀርባል። አየሩ ከአቃቂ ወይም ከቃሊቲ በኩል ካለው ይልቅ ብርድ ይላል፤ ከሐዋሳ ወይም ከድሬዳዋ የሚመጡ ልጆች ሹራብ ያስፈልጋቸዋል።

ከዚሁ ወደ ዳር ሲወጣ የካ አባዶና ቦሌ አራብሳ ይመጣሉ። ኪራያቸው ይረክሳል፣ መንገዱ ግን ይረዝማል። በቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ወይም በጎሮ አካባቢ ለሚሠራ ሰው አራብሳ ምክንያታዊ ነው። ሥራው ሜክሲኮ ከሆነ ግን ቀኑ በመንገድ ያልቃል።

ጀሞና ለቡ፦ የበሰለ ሳይት፣ የታፈነ መንገድ

ለብዙ መካከለኛ ገቢ ያላቸው ቤተሰቦች ከሁሉ የሚስማማው ጀሞ ይመስለኛል፤ ከሰሚት ያነሰ ስለሚወራለት ነው እንጂ። ጀሞ አንድ፣ ሁለትና ሦስት ሰው ከገባባቸው የቆዩ ሳይቶች ናቸው። ቆይታው ራሱ ዋጋ አለው። አፀደ ሕፃናት፣ አንደኛ ደረጃ፣ ክሊኒክ፣ ፋርማሲ፣ ወፍጮ ቤት፣ ልብስ ሰፊ ሁሉም በእግር ይደረሳል። የብሎክ ኮሚቴዎቹ የጥበቃና የጽዳት መዋጮ መሰብሰብ ለምደዋል። ከሰዓት በኋላ ልጆች ከትምህርት ቤት በቡድን በቡድን ሆነው በእግራቸው ሲመለሱ ማየት ትችላላችሁ፤ ስለ አንድ ሰፈር ለቤተሰብ ተስማሚነት ከዚህ የተሻለ ምስክር አላውቅም።

ሌላው ጥቅሙ አስቤዛ ነው። ከፒያሳ የተነሳው አትክልት ተራ አሁን ያለው ኃይሌ ጋርመንት ነው፤ ከጀሞና ከለቡ ሩቅ አይደለም። ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ድንች ከጅምላው ቦታ ገዝቶ ከጎረቤት ጋር መካፈል ብዙ ልጅ ላለው ቤት ወጪን በግልጽ ይቀንሳል። ለድንገተኛ ሕክምና ዘነበ ወርቅ ያለው አለርት ሆስፒታል በዚሁ አቅጣጫ ነው።

ጉድለቱ ጠዋትና ማታ ነው። ከጀሞ ወደ ሜክሲኮ የሚሄደው ሰው በጀርመን አደባባይና በመካኒሳ አድርጎ ያልፋል። ሁለቱም ይታፈናሉ። በዚህ በኩል ባቡር የለም። የሸገርና የአንበሳ አውቶቡስ፣ ሃይገርና ሚኒባስ አሉ፣ ማታ ሜክሲኮ ላይ ያለው የጀሞ ሰልፍ ግን ረጅም ነው። ሥራችሁ ሜክሲኮ፣ ሳር ቤት ወይም ጎፋ ከሆነ ይቻላል። ቦሌ ወይም መገናኛ ከሆነ ግን ጀሞን አልመክርም፤ ከተማውን ግማሽ መዞር ነው።

ለቡ የጀሞ ጎረቤት ሆኖ አኗኗሩ ይለያል። የግቢ ቤት ይበዛበታል። ልጅ በግቢው ውስጥ ይሮጣል፣ ኪራዩም በዚያው ልክ ይወጣል። ወደ ጎተራ የሚወስደው የላፍቶ መንገድ ከጀሞው ሌላ መውጫ ይሰጠዋል።

ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ፦ ሰፊ ቤት በትንሽ ኪራይ

ሦስትና አራት ልጅ ይዞ በአንድ ደመወዝ ለሚመጣ ቤተሰብ ይህን አቅጣጫ በንቀት ማለፍ አይቻልም። በመሐል ከተማ ስቱዲዮ በማያስገኝ ገንዘብ ባለ ሁለት ወይም ባለ ሦስት መኝታ ይገኛል። አየሩ ሞቅ ይላል፣ ቦታው ሰፊ ነው፣ ብዙ ወጣት ቤተሰብ ስለገባበት ልጆች ጓደኛ አያጡም። የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ፣ የቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክ ወይም የአዳማ ፈጣን መንገድ መግቢያ አካባቢ ለሚሠራ ሰውማ ሰፈሩ ሩቅ አይደለም፣ ቅርብ ነው። ከመንግሥት ሆስፒታሎች ጥሩነሽ ቤጂንግ በዚህ አቅጣጫ፣ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ይገኛል።

ሁለቱን ግን አንድ አታድርጓቸው። ቱሉ ዲምቱ ቀድሞ የተለመደ፣ አገልግሎቱም የተሻለ የተሟላለት ነው። የኮዬ ፈጬ ቤቶች ዕጣ የወጣው በ2011 ዓ.ም ሲሆን ሳይቱ እጅግ ሰፊ ነው። ከሳይቱ አንዱ ጫፍ ላይ ያለው ብሎክ ትምህርት ቤትና ታክሲ አጠገቡ ሲሆን፣ ሌላው ጫፍ ላይ ያለው በባጃጅ ካልሆነ የሚደርስበት የለም። «ኮዬ» ብላችሁ ሳይሆን በብሎክ ቁጥር ፈልጉ። ፊኒሺንጉን ባለቤቱ እንደ አቅሙ የጨረሰው ስለሆነ የመጸዳጃ ቤቱን ቧንቧ፣ የኤሌክትሪክ መስመሩንና የመስኮቱን መዝጊያ አንድ በአንድ እዩ። ልጅ ካለ የበረንዳው መከለያ ቁመትም ይታይ።

ወደ መሐል ለመሄድ ብዙ ሰው ቃሊቲ ድረስ በአውቶቡስ ወይም በታክሲ ይሄድና ከዚያ የሰሜን–ደቡቡን ባቡር ይይዛል። የቃሊቲ መንገድ የከባድ መኪናም መንገድ ስለሆነ ሰዓቱን መገመት ያስቸግራል። ወላጆች በጨለማ ወጥተው በጨለማ የሚመለሱ ከሆነ ልጆቹን ከ9 ሰዓት በኋላ ማን ይይዛቸዋል? ለዚህ ጥያቄ መልስ ያለው ቤተሰብ፣ ሴት አያት ወይም አክስት ቤት የምትውልለት፣ እዚህ ተመችቶት ይኖራል።

ለገጣፎ፦ ግቢና ጸጥታ

ከአያት አልፎ ያለው ለገጣፎ የራሳቸው መኪና ላላቸውና ግቢ ለሚፈልጉ ነው። አየሩ ንጹሕ፣ ቤቱ ሰፊ፣ ምሽቱ ጸጥ ያለ ነው። መኪና ለሌለው ግን ባቡሩ አያት ላይ ስለሚቆም ሁለተኛ መጓጓዣ የግድ ነው። አካባቢው በሸገር ከተማ ሥር ስለሆነ ከላይ ያነሳሁት የአስተዳደር ጉዳይ እዚህ በቀጥታ ይመጣል። ልጃችሁ በአፋን ኦሮሞ እየተማረ ከመጣ ይህ እንዲያውም ይጠቅመዋል። በአማርኛ ሲማር ከቆየና የመንግሥት ትምህርት ቤት ካሰባችሁለት ግን የማስተማሪያ ቋንቋውን ሳታጣሩ ውል አትፈርሙ።

በአንድ እይታ

| መስፈርት | ገርጂ | ሲኤምሲ፣ ሰሚት፣ አያት | ጀሞ፣ ለቡ | ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ | ለገጣፎ |
|---|---|---|---|---|---|
| ኪራይ | ከፍተኛ | ከመካከለኛ እስከ ከፍተኛ | ጀሞ መካከለኛ፣ ለቡ ከፍ ያለ | ዝቅተኛ | እንደ ቤቱ ይለያያል |
| ትምህርት ቤት በእግር | ይገኛል፣ ውድ ነው | ብዙ ምርጫ፣ እንደ ቅያሱ | በጣም ጥሩ | እንደ ብሎኩ | በአብዛኛው በመኪና |
| ወደ ሜክሲኮ | መካከለኛ | ሩቅ፣ ግን ባቡር አለ | መካከለኛ፣ ይታፈናል | በጣም ሩቅ | በጣም ሩቅ |
| ወደ ቦሌና መገናኛ | ቅርብ | መካከለኛ | ሩቅ | ሩቅ | ሩቅ |
| የሚቀርበው ሆስፒታል | ኮሪያ (የግል) | የካ ኮተቤ | አለርት | ጥሩነሽ ቤጂንግ | የካ ኮተቤ |
| የሚስማማው | ትንሽ ቤተሰብ፣ ሁለት ደመወዝ | ለረጅም ጊዜ የሚቆይ | መካከለኛ ገቢ፣ ትንንሽ ልጆች | ብዙ ልጅ፣ አንድ ደመወዝ | መኪና ያለው |

ውሃን ሰንጠረዡ ውስጥ ያላስገባሁት ሆን ብዬ ነው፤ በሰፈር ስም ተጠቃሎ አይነገርም፣ በብሎክና በወለል ነው የሚታየው።

ለማን የቱ?

ሁለታችሁም መሐል ከተማ የምትሠሩና ልጃችሁ አፀደ ሕፃናት ከሆነ፣ ከአቅማችሁ ጥቂት ከፍ ቢልም ወደ ውስጥ ቅረቡ። ትንሽ ልጅ ከትልቅ ቤት ይልቅ ቶሎ የሚገባ ወላጅ ይፈልጋል። በጀታችሁ መካከለኛ ሆኖ ሥራችሁ ወደ ሜክሲኮ ካደላ ጀሞን፣ ወደ መገናኛ ካደላ ሰሚትን ቀድማችሁ እዩ። ኪራይ ከደመወዛችሁ ግማሹን የሚበላ ከሆነ ቱሉ ዲምቱን በቁም ነገር አስቡበት። ግን ሂሳቡን በወረቀት ሥሩት፦ ኪራይ፣ የሁለት ሰው ትራንስፖርት፣ የልጆች ሰርቪስ፣ የውሃ መግዣ። ርካሽ የመሰለ ቤት ሰርቪስና ታክሲ ሲደመርበት አንዳንዴ ከመካከለኛው ጋር እኩል ይመጣል።

ቅደም ተከተሉን አታዛቡ፤ መጀመሪያ ትምህርት ቤት፣ ከዚያ ቤት። የግል ትምህርት ቤቶች ነባር ተማሪዎችን መዝግበው በቀረው ቦታ ነው አዲስ የሚቀበሉት፣ ብዙዎቹም የመግቢያ ፈተና ይሰጣሉ። ነሐሴ ላይ ደርሶ ቦታ መፈለግ የተረፈውን መውሰድ ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤትንም አትናቁ፤ በአዲስ አበባ የምገባ ፕሮግራም ስላለ ልጁ ቁርስና ምሳውን እዚያው ይበላል፣ ለሚሠሩ ወላጆች ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። በከተማዋ ትምህርት ቤቶች አፋን ኦሮሞ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ስለሚሰጥ፣ ከዚህ በፊት ያልተማረው ልጅ በክረምቱ ፊደሉን ቢጀምር መስከረም ላይ አይደናገጥም።

ውሉን በተመለከተ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016ን እወቁት። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት፣ ዘመኑ ከሁለት ዓመት አያንስም፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። «የስድስት ወር ቅድሚያ» የሚል አከራይ ካጋጠማችሁ ሕጉን በትህትና ጠቅሳችሁ ተነጋገሩ። ቤቱ መልሶ ማልማት ወይም ኮሪደር ልማት የሚነካው ቦታ ላይ እንዳልሆነም ከመፈረማችሁ በፊት ወረዳው ድረስ ሄዳችሁ ጠይቁ። ልጆች በዓመቱ አጋማሽ ትምህርት ቤት ከሚቀይሩ አንድ ከሰዓት መንከራተት ይሻላል።

ከመነሳታችሁ በፊት ከነበራችሁበት ቀበሌ መሸኛ፣ ከትምህርት ቤቱ መልቀቂያና የሁሉንም ዓመት ሪፖርት ካርድ፣ 6ኛ ወይም 8ኛ ክፍልን ለጨረሰ ልጅ የክልላዊ ፈተና ውጤቱን፣ ለሁሉም ልጆች ከወሳኝ ኩነት የልደት ሰርተፍኬት ያዙ። እነዚህን ለማውጣት ተመልሶ መሄድ የደከመ ቤተሰብን እጥፍ ያደክማል። ዕቃውን የምታጓጉዙት በሐምሌ ከሆነ መኪናው እስከ በሩ የሚገባበት መንገድ መኖሩን ቀድማችሁ አረጋግጡ። የጫኝና አውራጅ ክፍያውንም ዕቃው ከመውረዱ በፊት ተስማሙ።